ምግብ ቤቱ ሞልቶ ለምን ይከስራል?

አርብ ማታ ነው። ቤቱ ጢም ብሏል። በር ላይ ወረፋ አለ። ከተሰለፉት አንዱ ለጓደኛው «ሰውዬው ገንዘቡን እየዛቀው ነው» ይለዋል። ሰውዬው ግን ጓዳ ሆኖ ሰኞን ያስባል። ሰኞ ሥጋ አቅራቢው ሒሳቡን ሊቀበል ይመጣል።

ለጥቂት ዓመታት የአንድ ምግብ ቤት የሒሳብ መዝገብ ይዤ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሞላ ምግብ ቤት ሳይ አልቀናም።

ሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚያውቁት ስሌት ይህን ይመስላል። ከ100 ሽያጭ 30 ገደማው ለጥሬ ዕቃ ይሄዳል። ሌላ 30፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የሠራተኛ ነው። ኪራዩ ከ10 ካላለፈ ተመስገን ነው፤ ትልቅ ከተማ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ከዚያ መብራት፣ ጋዝ፣ ውሃ፣ ኢንሹራንስ፣ የካርድ ክፍያ ኮሚሽን፣ ቅዳሜ ማታ የሚበላሽ ማቀዝቀዣ። (ማክሰኞ ጠዋት ተበላሽቶ አያውቅም።) ባለቤቱ እጅ 4 ወይም 5 ከቀረ ጥሩ ወር ነበር ይባላል።

እስቲ በ4 እንያዘው። ጥሬ ዕቃ በ10 በመቶ ተወደደ እንበል። 30 የነበረው 33 ሆነ። ከ4 ትርፍ የቀረው 1 ብቻ ነው። ወረፋው ግን እንዳለ ነው፣ ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። በተቃራኒው ባለቤቱ ዋጋውን 3 በመቶ ብቻ ቢጨምርና ደንበኛ ባይሸሽ፣ 4 የነበረው ትርፍ 7 ይሆናል። ይህን እያወቁም ብዙዎቹ ዋጋ መጨመር ያፍራሉ። የለመደ ደንበኛ ሜኑውን ገልጦ ፊቱን ሲያጨማድድ ማየት ይከብዳል። ጎረቤት ያለው ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ድርጅት ደግሞ በጅምላ ይገዛል፣ በአንድ ማዕከል ያበስላል፣ አንዱ ቅርንጫፍ ሲቀዘቅዝ ሌላው ይሸፍንለታል። ብቸኛው ቤት የሚሸፍንለት የለም።

ዴሊቨሪውስ? ትዕዛዝ ተቀብለው የሚያደርሱት መተግበሪያዎች የሚወስዱት ኮሚሽን እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ጓዳው ሥራ ፈትቶ በዋለበት ቀን የመጣ ትዕዛዝ ይጠቅማል፤ ኪራዩም ደመወዙም ለማንኛውም ይከፈላልና። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊበላ የነበረ ደንበኛ ቤቱ ሆኖ በስልክ ካዘዘ ግን ያ 30 የተወሰደው ከትርፉ ነው። ትርፉ ደግሞ 4 ነበር። ኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የማድረሻ ኮሚሽኑን 15 በመቶ ላይ የገደበችው በከንቱ አይደለም።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ኪራዩ ነው። አንድ ምግብ ቤት ሲዘጋ «ሼፉ ሄደ፣ ጣዕሙ ወረደ» እንላለን። የብዙዎቹ ዕጣ የተወሰነው ግን ገና ግድግዳው ሳይቀባ፣ ውሉ የተፈረመ ቀን ነው። ሰውዬው ያለ የሌለ ገንዘቡን የሰው ሕንፃ ላይ ያፈሳል። የጭስ ማውጫው፣ የቧንቧው፣ የወለሉ ወጪ ሁሉ የእሱ ነው። ነቅሎ አይሄድም። ከዚያ ቤቱ ይታወቃል፣ ጭር ያለው መንገድ ሰው ይለምደዋል፣ ጎን ለጎን ካፌ ይከፈታል፣ አካባቢው ይወደዳል። ውሉ ሲያልቅ አከራዩ በአዲሱ ዋጋ ይመጣል። መንገዱን ያስወደደው ተከራይ፣ ላስወደደው ራሱ ይከፍላል። እምቢ እንዳይል ያፈሰሰው ገንዘብ ግድግዳው ውስጥ ነው። አከራዩም ይህን ያውቃል።

ስም ያላቸውስ ያመልጣሉ? የኮፐንሃገኑ ኖማ 5 ጊዜ የዓለም ምርጥ ምግብ ቤት ተብሏል። ሆኖም ባለቤቱ ሬኔ ሬድዜፒ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ይህ አሠራር እንደማያዛልቅ ተናግሮ፣ ቤቱ በመደበኛነት እንግዳ ማስተናገዱን እንደሚያቆም አስታወቀ።

በሌላ በኩል «ከ10 ምግብ ቤት 9ኙ በዓመቱ ይዘጋል» የሚባለው ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ የኮሎምበስ ከተማ ጥናት፣ በመጀመሪያው ዓመት የተዘጉት ወይም ባለቤት የቀየሩት ከ4 አንድ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል። በ3 ዓመት ግን ከ10 ወደ 6 ይጠጋሉ። እንደኔ፣ መዝገብ ሲታይ አሟሟቱም እንዲሁ ነው፤ ቀስ እያለ። መጀመሪያ የባለቤቱ ደመወዝ ይቀራል። ከዚያ ከደንበኛ የተሰበሰበው ታክስ ለአቅራቢ ይከፈላል፤ «በሚቀጥለው ወር እንመልሰዋለን» ተብሎ። ታክሱ የቤቱ ገንዘብ አልነበረም፤ አካውንት ውስጥ ስለተቀመጠ ብቻ የራስ ይመስላል።

መዝገቡን የያዝኩለት ሰው ውሉ ሲያልቅ አላደሰም። ሁሉም «አበደ» አለው። ከዋናው መንገድ ገባ ያለች፣ የቀድሞዋን ግማሽ የምታህል ቤት ተከራየ። ጨረታ ላይ ከተሸጡ ዕቃዎች ምድጃ ገዛ። ሜኑውን ከሁለት ገጽ ወደ አንድ አወረደው፣ ዋጋውን ጨመረ፣ ሰኞን መዝጋት ጀመረ። ውሉን ከመፈረሙ በፊት ደውሎልኝ ነበር። የጠየቀኝ ስለ ቤቱ ስፋት አልነበረም። «ለስንት ዓመት ነው? በየዓመቱስ ስንት ነው የሚጨምረው? እስቲ ቁጭ ብለህ አስላልኝ» አለኝ።