ሰፊዋ የልብስ መለኪያ ክፍል

አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ የልብስ መደብር ስትገቡ የመለኪያ ክፍሎቹ በረድፍ ተደርድረዋል። ስምንት ወይም አሥር ጠባብ ክፍሎች፣ ጥግ ላይ ደግሞ በሯ ላይ የዊልቸር ምልክት ያለባት አንዲት ሰፊ ክፍል። ቅዳሜ ከሰዓት ጠባቦቹ ግማሽ ያህሉ ክፍት ሆነው ሰፊዋ ተይዛ ትገኛለች። ውስጧ ያሉት ብዙ ጊዜ እየተሳሳቁ ልብስ የሚሞክሩ ሦስት ጓደኛሞች ናቸው። ደጅ ላይ ዊልቸር ላይ የተቀመጠች ሴት ሁለት ሱሪ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የእኛው ሰው ሲሆን ነው። ለክረምት አገር ቤት ሊሄድ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱን 23 ኪሎ፣ ለመሙላት የሚሸምት የድሬዳዋ ልጅ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ የሕፃን ጋሪውንና አንድ እቅፍ ልብስ ይዞ እዚያችው ይገባል። «ይቺ ሁላችንንም ትችለናለች» ይላል። የእህት ልጅ ጃኬት፣ የአክስት ልጅ ሱሪ እየተለካ አርባ ደቂቃ ይሄዳል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ድሬ ላይ ቢሆን ዊልቸር ደረጃ ስር ቆሞ ሲያይ ከባጃጅ ወርዶ የሚያነሳ ሰው ነው። ክፍሏ ለምን እንደሰፋች ግን ማንም አልነገረውም።

የሰፋችው ለምቾት አይደለም። መደበኛ ዊልቸር ከጎን እስከ ጎን 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከእግር ማሳረፊያው ጋር ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። ባለበት ለመዞር 152 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ተከትሎ የመጣው የ2010 የግንባታ መስፈርት ይህንኑ ልክ ይዟል። ከመለኪያ ክፍሎች 5 በመቶው፣ ቢያንስ አንዱ፣ እንዲህ መሠራት አለበት። በሩ ሲከፈት 81 ሳንቲ ሜትር ማሳለፍ አለበት፤ መስቀያው ከወለል ከ122 ሳንቲ ሜትር በላይ መሆን የለበትም፤ አግዳሚ ወንበሩ ቢያንስ 107 ሳንቲ ሜትር ረዝሞ ከፍታው ከ43 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ዋናው አግዳሚው ነው። እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ሱሪ የሚቀይረው ከዊልቸሩ ወደ አግዳሚው ተሻግሮ፣ በክርኑ ተደግፎ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ አንዱን ወገን ዝቅ ያደርግና፣ ወደ ሌላው ዘንበል ብሎ ሌላውን በማውረድ ነው። ሲለብስም እንዲሁ። ለአንድ ሱሪ ሩብ ሰዓት ቢፈጅበት አይገርምም። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ይህ አይሆንም፤ ዊልቸሩ ቢገባ እንኳ በሩ አይዘጋም።

«ገዝቶ ቤቱ አይለካም?» የሚል አለ። ለቆመ ሰው የተቆረጠ ሱሪ ሲቀመጡበት ከኋላ ይወርዳል፣ ከፊት ሆድ ላይ ይሰበሰባል፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይሰቀላል። ወፍራም ስፌትና የኋላ ኪስ ቁልፍ ደግሞ ስሜት በሌለው መቀመጫ ላይ ሲጫን ከዋለ ያቆስላል፤ የዚያ ዓይነት ቁስል ለመዳን ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ከመግዛቱ በፊት ቁጭ ብሎ መሞከር አለበት።

አርባ ደቂቃውም ለሁሉ እኩል አይደለም። አከርካሪያቸው የተጎዳ ብዙ ሰዎች በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ በቱቦ ሽንት ማስወጣት አለባቸው። የሚመልሳቸው መኪና በቀጠሮ የሚመጣ ነው። ጠባቧ ክፍል ለሚበቃው ሰው ግን ጎን ያለው በር ክፍት ነው።

ሕጉ ባለሱቁ ክፍሏን ከካርቶንና ከተረፈ መስቀያ አጽድቶ እንዲይዝ ያስገድዳል። ደንበኛውን ግን አይቀጣም። የአካል ጉዳተኛ የመኪና ማቆሚያ የያዘ ይቀጣል፤ ይቺን የያዘ ወጥቶ ይሄዳል። በእግሩ የገባ ሁሉ አያስፈልገውም ማለትም አይደለም። ከሱሪው ስር ሰው ሠራሽ እግር ያለው አለ፤ ሆዱ ላይ የሰገራ መቀበያ ከረጢት የተገጠመለት አለ፤ ኦቲዝም ያለበትን ልጇን ብቻውን መተው የማትችል እናት አለች። በር ላይ ቆሞ ሰው መመርመር ነውር ነው። እያንዳንዱ የራሱን ያውቃል።

ወደ ድሬ እንምጣ። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ለዊልቸር ከሐረር ዳገት ይልቅ ትመቻለች። ዊልቸሩን አጥፎ ባጃጅ ላይ መጫን ራሱ ሥራ ነው፤ ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ከደረሱ በኋላ ደግሞ የሱቁ በረንዳ ላይ ሁለት ደረጃ አለ። ውስጥ ከተገባ መለኪያው ጥግ ላይ የተሰቀለች መጋረጃ ናት፤ ከኋላዋ ካርቶን። ከዚራ አካባቢ መስታወትና ሴራሚክ ለብሰው የሚከፈቱት ቡቲኮችም ሰፊዋን ክፍል ረስተዋታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀምም እንዲመች አዟል።

ወጪው ብዙ አይደለም፤ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት መለካት ነው። ሁለቱ ደረጃ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ አንድ ለአሥራ ሁለት በሆነ ተዳፋት 3.6 ሜትር መወጣጫ ይፈልጋል። አንድ ሜትር ብረት ጣል ካደረጉበት ዊልቸሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል። መጋረጃ ከበር ይሻላል፣ ሲከፈት ቦታ አይበላም፤ ግን ከክፍተቱ ሰፍቶ በሁለቱም ጎን መደረብና ወለል መድረስ አለበት። አለዚያ የእግር ማሳረፊያው ይገፋውና ሰው ራቁቱን ይታያል። መስታወቱ ከወለሉ ይጀምር፤ ደረት ላይ የተሰቀለ መስታወት ለተቀመጠ ሰው ፊቱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ክራንች የሚደገፍበትም ጥግ ይኑር፤ ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል።

የድሬ ሙቀት ደግሞ አለ። አከርካሪው ከደረት በላይ የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች በቅጡ አያልበውም፤ ሰውነቱ ሙቀት ማስወጣት ያቅተዋል። ቆርቆሮ ስር፣ መጋረጃ ተዘግቶበት ሩብ ሰዓት አደጋ ነው። ቬንትሌተር እዚያ ይሰቀል። ሱቁ ለቀትር ከመዘጋቱ በፊት አንድ ጤነኛ ሰው ጥጉን ይዞ ቢያስጠብቀው፣ የባለዊልቸሩ ቀን አለቀ ማለት ነው።

ለእርዳታ ድሬ አትታማም። ብቻ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። የክንድ ማሳረፊያውን ይዛችሁ አታንሱ፣ ተነቅሎ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ዋናውን ብረት ያዙ፤ ደረጃ ስትወጡ ጀርባውን አዙራችሁ ትልልቆቹን ጎማዎች አስቀድማችሁ ሳቡት።

ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊው ማሽኑን ይዞ መንገድ ዳር ስለሚቀመጥ ደረጃ የለም። ባለዊልቸሩን ቁጭ እንዳለ ይለካው፤ ከወገቡ በስተኋላ እስከ መቀመጫው፣ ከዳሌው በታጠፈው ጉልበት ዞሮ እስከ ቁርጭምጭሚቱ። ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ አድርጎ ይቁረጥ፤ የኋላ ኪሱን ይተወው፣ ዚፑን ያስረዝመው። የሚቀረው የተሰፋውን መሞከሪያ ነው። አጠገቡ ካሉት የጨርቅ ሱቆች አንዱ አግዳሚና ሰፋ ያለ መጋረጃ ቢያኖር፣ ሰውየው ሱሪውን ጠቅልሎ ቤት ወስዶ፣ ጠብቦት ነገ በሌላ ባጃጅ አይመለስም ነበር።