ይርጋ የሌለው ክስ
ዋሽቶ ዜጋ የሆነ ሰው ዜግነቱን ቢነጠቅ ምን አለበት ለሚለው ጽሑፍ ነው ይህን የምጽፈው። አጭበርብሮ ያገኘ ይነጠቅ፣ በዚህ ጠብ የለኝም። ግን አሜሪካ ውስጥ ይህ ክስ በፍትሐ ብሔር ሲመጣ ይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ የለውም፤ ሰውየው ዜጋ ሆኖ ከማለ ከ30 ዓመት በኋላ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ግብር ሲከፍል ኖሮ፣ ያኔ የዜግነት ማመልከቻ ቅጹ ላይ «አይደለም» ብሎ ምልክት ያደረገባት አንዲት ሳጥን ተመዝዛ ልትመጣበት ትችላለች። ጠበቃ መቅጠሪያ ካጣ ደግሞ መንግሥት ጠበቃ የማቆምለት ግዴታ የለበትም። ቅጹ እኮ ወንጀል ሠርተህ ሳትያዝ ቀርተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ሁሉ ይጠይቃል! እሺ፣ ይህን ማን አስታውሶ ነው በልበ ሙሉነት የሚመልሰው? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. በአንድ የወንጀል ጉዳይ ላይ፣ ውሸቱ ዜግነቱን ለማግኘት ድርሻ ሊኖረው ይገባል ማለቱ ተገቢ ነው። እዚያው የተወለደ ሰው ግን ቢዋሽ ይታሰራል እንጂ ዜግነቱን ማንም አይነካበትም። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።