«ያንሙርታያ»፦ ክፍሎቹ የአገሩ፣ አወቃቀሩ የጎረቤት
በረዶ ሰባሪ መርከብን የሚጠራው የፊንላንድኛ ቃል «ያንሙርታያ» የሌላ ቋንቋ እጅ ፈጽሞ አልነካውም የሚለውን ሐሳብ ልቀበለው አልቻልኩም። ክፍሎቹ በእርግጥ የቋንቋው የራሱ ናቸው፤ «ያ» በረዶ ማለት ሲሆን ከሃንጋሪኛው «ዬግ» ጋር የሚዛመድ ጥንታዊ ቃል ነው፣ «ን» እንደ እኛ «የ» አገናዛቢ ናት፣ «ሙርታያ» ደግሞ መስበር ከሚለው ግስ የወጣ የአድራጊ ስም (ሰባሪ) ነው። አወቃቀሩ ግን ከስዊድንኛው «ኢስብሪታሬ» እና ከጀርመንኛው «አይስብሬኸር» ጋር አንድ በመሆኑና ፊንላንድም የመጀመሪያዋን በረዶ ሰባሪ በ1890 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም አሠርታ ያመጣች በመሆኗ (ስሟም «ሙርታያ» ነበር)፣ ቃል በቃል ተተርጉሞ የገባ ይመስለኛል። መርከብ ማለት የሆነው «ላይቫ» ከቃሉ ውስጥ ለምን ጎደለ ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ፣ ሰባሪ የሚለው የአድራጊ ስም ብቻውን መርከቧን ስለሚጠራ ጭማሪ አያስፈልገውም።