ለክቡር ዲናሞ የተጻፈ የስንብት ደብዳቤ

ለክቡር ዲናሞ
ከሞተሩ ጎን፣ ባሉበት
ጅማ

ጉዳዩ፦ ከሥራ መሰናበትዎን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፤ በአሮጌዋ ኮሮላዬ ውስጥ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኝዎት ቺንጊያ (ቀበቶ) በዞረ ቁጥር አብረው እየዞሩ፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ እየለወጡ ባትሪውን ለዓመታት መመገብዎን አልክድም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ግን፣ ሥራዎን ያቆሙበትን ቀን ለማንም ሳያሳውቁ ጥፋቱን በባትሪው ላይ ስላላከኩበት ዘዴ ያለኝን አድናቆት ለመግለጽ ነው።

መጀመሪያ ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ሥዕል ያለባት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። የባትሪ ሥዕል ካየሁ በሽተኛው ባትሪው ነው ብዬ ማመኔ የእኔ የዋህነት ቢሆንም፣ የራስን ሕመም በሌላ ሰው ፎቶግራፍ ማሳወቅ ግን የእርስዎ ብልሃት ነው። ለልጆቼ ደብተርና ዩኒፎርም ካስቀመጥኩት ገንዘብ ላይ አውጥቼ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ምስኪኑ ከሱቅ ይዞት የወጣውን ስንቅ እየበላ ሦስት ቀን አገለገለኝ፤ እርስዎም በእነዚያ ሦስት ቀናት ጤነኛ መስለው ተሽከረከሩ።

በአራተኛው ቀን ማምሻውን፣ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳዬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አሳይቼ ከጅሬን ስወርድ፣ የጅማ ዝናብ እንደ ልማዱ ሳይጠሩት መጣ። የፊት መብራቱን አበራሁ፣ መጥረጊያውን ከፈትኩ፣ መስታወቱን ጉም ስለያዘውም ማራገቢያውን ጨመርኩበት። ይህ ሁሉ የሚቀዳው ከባትሪው ብቻ ነበርና መጥረጊያው ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ እየተንቀረፈፈ፣ መብራቱም ወደ ኩራዝነት እየወረደ ሄዶ፣ አዌቱ ወንዝ አጠገብ ስንደርስ ነዳጁን ለሚለኩሱት ካንዴላዎች የሚደርስ ብልጭታ ጠፋና ሞተሩ ጸጥ አለ። እንግዳዬ ሱፉን እንደለበሰ ገፋ። ጃንጥላ የያዙ አንዲት እናትም ቆመው «አይዞህ ልጄ፣ በርታ» አሉት፤ ገፉ ለማለት ባይቻልም።

በነጋታው ባትሪውን ቻርጅ አስደርጌ ያሳየሁዎት የመጀመሪያው ባለሙያ፣ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ፈትቶ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» ሊል ሲቃጣ ከለከልኩት። በዚያ ቅጽበት የሚዘለው ቮልቴጅ ኤሌክትሪኩን የሚያቀኑትን ዳዮዶችዎንና መጠኑን የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተርዎን ሊያቃጥል ይችላልና (ተቀይሜዎትም እንኳ ክብርዎን መጠበቄን ልብ ይበሉልኝ)። ሁለተኛው ቴስተሩን ባትሪው ላይ ቢያደርግ፣ ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ሊያሳይ የሚገባው 11.9 አሳየ። ቺንጊያውን በአውራ ጣቱ ጫን ቢለው አልላላም። ሲፈቱ ካርቦኖችዎ አልቀው፣ የሚረግጡት የመዳብ ቀለበት ተቦርቡሮ፣ የውስጥ ሽቦዎም ጠቁሮ ተገኘ። ጥፋትዎ የካርቦን ብቻ ቢሆን ኖሮ በጥቂት ብር በታረቅን ነበር።

አዲስ ኦሪጅናል ከአዲስ አበባ ላስመጣ ብዬ ዋጋ ጠየቅሁና፣ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣው ዕቃ ከተሸካሚዋ መኪና ጋር በዋጋ ሊፎካከር እንደሚችል ስረዳ ስልኩን በትሕትና ዘጋሁ። ያገለገለ ፍለጋ ወጣሁ። የመጀመሪያው ሻጭ ያሳየኝ ፑሌጃው (ቺንጊያ የሚዞርበት ክብ) ከቺንጊያዬ ጋር የማይገጥም ነበር፤ የሁለተኛውን በእጄ ባዞረው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ እንደ ቡና መፍጫ ጮኸ። ሦስተኛው «ከጃፓን የወረደ ነው» አለኝ፤ አወራረዱን ባላምንም፣ መኪናዋ ላይ ታስሮ በቴስተር ካልታየ ብር እንደማልከፍል፣ በሳምንት ውስጥ ካስቸገረም እንደምመልስ አስምዬ ተስማማሁ። ተተኪዎ የፊት መብራቱም መጥረጊያውም ተከፍተውበት 14.1 ቮልት ሰጥቷል።

ስለሆነም ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ የተሰናበቱ መሆኑን እየገለጽኩ፣ የጡረታ መብትዎ ቆራሌው በኪሎ በሚመዝነው የመዳብዎ ልክ እንደሚከበር አረጋግጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የመኪናዋ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለአሮጌው ባትሪ፣ ያለጥፋቱ ለተባረረው
ለባለቤቴ፣ የዩኒፎርሙ ብር የት እንደገባ ለጠየቀችው