ይድረስ «በሥርዎ የሚተዳደር ቤተሰብ ብዛት» ለምትባዪው የመሥሪያ ቤቴ የሠራተኛ ቅጽ ሳጥን

ጉዳዩ፦ ስለማትቀንሺው ታክስ

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከታክስና ከጡረታ በተረፈችው ደሞዜ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የትናንቱን ግን ሳልነግርሽ አልተኛም። ኤችአሯ ጠርታኝ «እናትና ወንድምህን ሞልተሃል፣ ማስረጃ የለውም» ስትለኝ ልቤ ዘለለ፣ በቃ ሰው አስተዳድራለሁና ታክስ ሊቀነስልኝ ነው ብዬ። ከሜክሲኮ በታክሲ ቸርችልን ሽቅብ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ወረዳ ደረስኩ፣ ሰልፉን አታንሺብኝ። ተራዬ ሲደርስ «ሲስተም የለም»። ከምሳ በኋላ ሲስተሙ መጣ፣ ልጅቷ የለችም። ስትመጣ ደግሞ «እናትህ ራሳቸው ይምጡ፣ በሕይወት መኖራቸውን በምን አውቃለሁ?»

እማዬ ጉልበቷን ያማታል። በራይድ አመጣኋት፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ደረጃው ላይ ሦስቴ ቁጭ ብላ እያረፈች ወጣች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። ልጅቷ ቀና ብላ እንኳን ሳታይ፣ በዛ ሁሉ ሰልፈኛ ፊት፣ ጮክ ብላ «እሱ ነው የሚያበላዎት? ሌላ ልጅ የለዎትም?»

እማዬ አንገቷን ደፋች። አራት ልጅ ብቻዋን ያሳደገች ሴትዮ ናት እኮ!

ዛሬ ጠዋት ማኅተሙ ያልደረቀ ደብዳቤዬን ይዤ ፋይናንስ ገባሁ። ልጁ አንብቦ ሳቀ። «ወንድሜ፣ እኛ ሀገር ታክስ የሚሰላው በደሞዝህ ነው እንጂ በቤተሰብህ ብዛት አይደለም፣ አስር ሰው ብታስተዳድር ያው ነው።» ታዲያ ይሄ ለምንድነው? «ለፋይል።»

ለፋይል!

15,000 ብር ደሞዝ፣ ታክስ 3,200፣ ጡረታ 1,050 (ታክሱ ደግሞ ጡረታው ሳይነሳ ከጠቅላላው ላይ ነው የሚታሰበው)፣ እጄ የምትገባው 10,750። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ወንደላጤ ነው፣ ደሞዛችን እኩል፣ እሱም 3,200። እሱ ምን አረገ፣ አልጣላውም። ግን የእማዬ የስኳር መድኃኒት፣ የወንድሜ ትምህርት፣ የቤት ኪራይ፣ ይሄን ሁሉ ሰው እየቆጠርሽ ከወሰድሽ በኋላ ለሂሳቡ ሲሆን ብቻዬን ነኝ? ካልቀነስሽ አትጠይቂያ! እናቴን ደረጃ አታስወጪያ!

ሐምሌ 2017 ላይ ታክስ የማይነካው ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል ጮቤ ረግጠን ነበር፣ ለኔ በወር 550 ብር ተረፈችኝ። የዚህ ወሯ በራይድ አለቀች፣ ደርሶ መልስ።

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ በልጆቿ ቁጥር ታክስ ይቀነስላታል፣ እዛ ብትሆኚ ሰው ያከብርሽ ነበር።

ስወጣ ኤችአሯ «በየዓመቱ ይታደሳል» አለችኝ። ለእማዬ ስነግራት «ሞታለች ብለህ ሙላው» አለች፣ ቡናዋን እየቆላች።

ግልባጭ፦
ለፋይል