ማስተካከያ፦ ማንም ሳይነካው ስለሚጮኸው ሽንት ቤት

ባለፈው ሳምንት «ማንም ሳይጠቀም የሽንት ቤቱ ታንከር እየቆየ ሹ... ካለ ፍሎተሩን ቀይሩት» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ፍሎተር ማለት ታንከሩ ሲሞላ ውኃውን የሚያዘጋው ተንሳፋፊ ነው። ተሳስቻለሁ፤ ያለአግባብ ወጪ ያወጣችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ። ውኃው በትርፍ ማስወገጃው ቱቦ አፍ እየፈሰሰ ከሆነ ብቻ ፍሎተሩን ዝቅ አድርጉ፤ ውኃው ከቱቦው አፍ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢወርድ ይበቃል። ካልፈሰሰ ውኃ የሚያሳልፈው አብዛኛውን ጊዜ ከታንከሩ ሥር የውኃ መውጫውን የሚደፍነው ጎሚኒ ነው። ታንከሩ ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉና ውኃ ሳትለቁ 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ ቀለሙ ሳህኑ ውስጥ ከታየ ጎሚኒው ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን እጠቡት። እኛ ደሴ ውኃ ጠፍቶ ሲመለስ ደለል ይዞ ይመጣል፤ ሥሩ ከገባ አያስገጥመውም። በጄሪካን ለምናጠራቅም ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ የሚፈሰው ውኃ ያንገበግባል።