ለባለወርቁ ቦታ ልቀቁ!

ባለፈው ቅዳሜ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንድ ካፌ ተቀምጠን ነበር። ሦስት ማኪያቶ፣ ሁለት ኬክ። ሒሳብ ሲመጣ ወዳጄ "ዛሬ የኔ ነው" ብሎ ቦርሳውን አወጣ። ብር ሊያወጣ መስሎኝ ነበር። ከብሩ በፊት ግን አንድ ካርድ ወጣ። ከስኳር ማስቀመጫው አጠገብ፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ጋደም አለ። ቀለሙ ወርቃማ ነው።

አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ አየችውና "በካርድ አንሠራም" አለችው።

"የክፍያ አይደለም" አላት ኮስተር ብሎ። "የአየር መንገድ ነው። ጎልድ ነኝ።"

"እሺ። ካሽ ነው ቴሌብር?"

ልጅቷ ምን እንዳጋጠማት አልገባትም። እኔ ግን ገብቶኛል፤ አየር መንገድ ብዙ ለበረረ ደንበኛ የሚሰጠው የወርቅ ደረጃ ካርድ ነው። ሰው ሐኪም ይሆናል፣ መምህር ይሆናል፣ ዲያቆን ይሆናል። ወርቅ ለመሆን ግን ስንት ሌሊት ጉልበት አጥፎ፣ የማያውቀው ሰው ትከሻው ላይ እያንኮራፋ፣ አየር ላይ ማደር ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ጀግና ሳይወደስ መቅረት የለበትም። እንግዲህ እኔ ልጀምር።

መቼም ነገሩ የፈረንጅ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የአየር መንገዶችን ዋጋና መስመር መንግሥት መወሰኑን እንዲተው የሚያደርግ ሕግ አወጣች። ወንበሩ ያው፣ ሰማዩ ያው፣ ዋጋው ደግሞ የፈለጉት ሆነ። ታዲያ ተሳፋሪው እኔ ጋ ለምን ይመጣል? አለ እያንዳንዱ አየር መንገድ። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በሜይ 1981 መልስ አገኘሁ አለ። የበረርከውን ማይል እቆጥርልሃለሁ፣ ሲጠራቀም በነፃ ትበራለህ። ሌላው የአሜሪካ አየር መንገድ ዩናይትድ በቀናት ውስጥ ተከተለው።

እኛ ጋ ቢጠይቁ ኖሮ ይህን ያህል ባልደከሙ። ማንኛዋም የጉልት ነጋዴ በነፃ ትነግራቸው ነበር። ስሙ ምርቃት ነው። አንድ ኪሎ ሙዝ ትገዛለህ። "መርቂልኝ እንጂ" ትላለህ። "ኧረ ከስሬ ነው የሸጥኩልህ" ትላለች። ትንሽ ትጨቃጨቃላችሁ። በመጨረሻ አንድ ሙዝ ትጥልልሃለች። መንገድ ላይ ልጠህ ትበላዋለህ። አለቀ።

የአየር መንገዶቹ ጥበብ ግን እዚህ ላይ ነው። ሙዙን አይሰጡህም። የሙዝ ቁጥር ይሰጡሃል። ቁጥሩን ታጠራቅማለህ። ሲሞላ "ሙዜን ስጡኝ" ትላለህ። "ለዚያ ቀን የተመደበው የምርቃት ሙዝ አልቋል፣ ሌላ ቀን ሞክር" ይሉሃል። ሌላ ቀን ትሞክራለህ። "አለ፤ ግን የልጣጩን ታክስ ትከፍላለህ።" ትከፍላለህ። ከዘገየህ ደግሞ ቁጥሩ ይበሰብሳል። ሙዝ ሲበሰብስ አይቻለሁ፤ ቁጥር ሲበሰብስ ያየሁት ግን በማይል ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ምርቃቱ ከሙዙ መብለጡ! ባንኮች ማይሉን ከአየር መንገዱ በጅምላ እየገዙ ለክሬዲት ካርድ ደንበኞቻቸው ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና አውሮፕላኑን ሁሉ መሬት ላይ ሲያስቀምጠው፣ ዩናይትድ የማይል ፕሮግራሙን መያዣ አድርጎ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። አውሮፕላኑ ቆሞ ምርቃቱ በረረ ማለት ነው። የጉልቷ እናት ምርቃቷን አስይዛ ብድር ልትጠይቅ ባንክ ብትሄድ፣ ጥበቃው ራሱ ከበር ይመልሳት ነበር።

የራሳችንም አለን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባማይልስ። ደረጃው ከሰማያዊ ይጀምራል። ከዚያ ብር፣ ከዚያ ወርቅ፣ ከዚያ ፕላቲነም። "ብር" የሚለው ስም ደስ ይለኛል፤ ምን ሲወጣ እንደሚገኝ አይደብቅም። ሼባ ማለት ሳባ ናት፤ ስለ ስሙ ባለቤት መጽሐፍ እንደሚነግረን ንግሥተ ሳባ ለሰሎሞን 120 መክሊት ወርቅ ሰጥታዋለች። ያን ሁሉ መንገድ በግመል ሄዳ ማይሏን የቆጠረላት የለም። የልጅ ልጆቿ ግን በልጠናል። ወርቁን ከፍለን፣ ወርቅ የሚል ካርድ ይዘን እንመለሳለን።

አሁን ወደ አክብሮቱ ልምጣ። "ለእርስዎ ብቻ" የሚባለው ነገር አለ አይደል? የበረራ አስተናጋጇ መቀመጫህ ድረስ መጥታ፣ ዝቅ ብላ፣ በስምህ ትጠራሃለች። ወዳጄ ይህን ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ሃያ ዓመት በሠራበት መሥሪያ ቤት አለቃው እስካሁን "አንተ፣ ማነህ" ነው የሚለው።

እኔንም ጠርተውኛል። ሰማያዊ ብሆንም ኢሜይል ይደርሰኛል። ችግሩ ስሜ ላይ ነው። ፓስፖርት ላይ ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም አለ። ኮምፒውተሩ መጨረሻ ያለውን አንሥቶ "ውድ ሚስተር" ብሎ አያቴን ይጠራል። አያቴ በሕይወታቸው የተሳፈሩት በቅሎ ብቻ ነው። እሷም ማይል አትሰጥም ነበር። አሁን ግን በየወሩ "ስለ ታማኝነትዎ እናመሰግናለን" ይባላሉ። የሃምሳ ዓመት ሙታንን እስከ መቃብር ተከትሎ የሚያመሰግን ድርጅት የት ይገኛል?

ልደቴንም ያውቃሉ። እናቴ እንኳ በትክክል አታውቀውም። የእሷ አቆጣጠር "የገብርኤል ማግሥት፣ ዝናብ ያባራ ቀን" ነው። ያንን ወደ ፈረንጅ የቀየረው የቀበሌ ጸሐፊ አንድ ቀን ስቷል። የአየር መንገዱ "እንኳን ተወለዱ" የሚመጣው እንግዲህ ሳልወለድ፣ በዋዜማው ነው። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ኋላ ሳስበው ከአየር መንገድ ጋር ተከራክሮ የረታ ተሳፋሪ የለም። አሁን ልደቴን የማከብረው በእነሱ ቀን ነው።

ከሁሉ ግን የሻንጣው ጉዳይ ይበልጣል። ወርቅ የሆነ ሰው ተጨማሪ ጭነት ይፈቀድለታል። በኪሎ በሚመዘንበት መስመር 20 ኪሎ፣ በሻንጣ ብዛት በሚቆጠርበት አንድ ሻንጣ። ወዳጄ ይህን አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ውስጥ አመለጠው። ተሳስቷል አልልም፤ ክብር ተደብቆ አይኖርም። ድሮ ካዛንቺስ ነበር የሚኖረው። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበትኗል። እድሩ እንኳ ግማሹን አባል አላገኘውም። ወዳጄን ግን ሁሉም አገኙት።

"ልጄ፣ ሁለት ኪሎ ብቻ ናት፣ ሽሮ" ትላለች አንዷ እናት። ሁለት ኪሎ የተባለችው ስትመዘን አምስት ናት። ሌላዋ በርበሬ ይዛ ትመጣለች፤ ልጇ ዋሽንግተን አራስ ናት። አንዱ ድርቆሽ። አንዱ ቅቤ፣ ሦስት ጊዜ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሽታው ግን ከሦስተኛው ላስቲክ ውጪ ነው። ወዳጄ ለማንም እምቢ አይልም። የተሰጠው ኪሎ ባዶውን ከሚሄድ ቢሞላ ይሻላል ባይ ነው። ሌሊት ሚዛን ላይ ቆሞ ሻንጣ ያቅፋል፣ ያወርዳል፣ መልሶ ያቅፋል። ኪሎው ሲያልፍ የሚወጣው የራሱ ልብስ ነው። ባለፈው አንድ ሸሚዝ ይዞ ሁለት ሳምንት አሜሪካ ከርሟል። ሲመለስ ደግሞ ጫማ፣ ቪታሚን፣ ያገለገለ ስልክ። አንዱም የእሱ አይደለም። ሰዎች "ጎልድ መሆን ምን ይጠቅማል?" ይሉኛል። እሱን አላውቅም። ሰፈሩን ግን ጠቅሟል።

ቅድሚያ የሚል ታግ ሻንጣው ላይ ያንጠለጥላሉ። ሻንጣህ ቀድሞ ይወጣል ማለት ነው። አንድ ጊዜ አብረን ተጉዘን፣ የአየር መንገዱን ስም ልተወውና፣ የኔ ተራ ሻንጣ ወጥታ፣ ጋሪ ፈልጌ፣ ውሃ ገዝቼ ስመለስ የእሱ ገና ነበር። ቀበቶው ላይ ብቻዋን መጨረሻ ስትመጣ ታጉ ይታይ ነበር። እሱ ግን አልተከፋም። "አየህ፣ ለብቻዋ ነው የሚያመጧት" አለኝ።

ስለ መሳፈሩም አንድ ነገር ልበል። ወርቆች ቀድመው ይጠራሉ። ኮራ ብለው፣ እኛን በዓይናቸው ሳይነኩ ያልፋሉ። አውሮፕላኑ ራቅ ብሎ ከቆመ የሚገቡት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ቀድሞ የገባ ወደ ውስጥ ይገፋል። ከዚያ እኛ ሰማያዊዎች መጥተን በሩ ላይ እንቆማለን። አውሮፕላኑ ጋ ስንደርስ በሩ ይከፈታል። ማን ቀድሞ እንደሚወርድ አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ልማድ ሆኖበት ወዳጄ መሬት ላይም ቅድሚያ ይፈልጋል። ባለፈው ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ነበር፤ ከሥራ መውጫ ሰዓት፣ ሰልፉ ሁለት ጊዜ ተጠማዟል። እሱ ሻንጣውን በታጉ በኩል ወደ ፊት አዙሮ ፊት ፊቱን ሄደ። ተራ አስከባሪው አየው፣ ታጉንም አየው።

"ጋሼ፣ ይቺ ምንድናት?"

"ቅድሚያ" አለ ወዳጄ።

"ጥሩ ናት። ሰልፉ ግን በዚያ በኩል ነው" ብሎ በትህትና፣ በትከሻው ይዞ መጨረሻ ላይ አቆመው። እኔ ይሄንንም "ለእርስዎ ብቻ" ከሚባለው አገልግሎት እቆጥረዋለሁ። ሌላውን ሰው እኮ በፉጨት ነው የሚመልሰው።

ወርቅነት ግን ዓመት እየጠበቀ ይታደሳል። ታኅሣሥ ላይ ወዳጄ ቆጠረ፤ ማይል ጎደለው። እንቅልፍ አጣ። ወደ ብር ሊወርድ ነው! በአሜሪካ ትልልቆቹ ርቀት መቁጠሩን ትተው የከፈልከውን ገንዘብ ወደ መቁጠር ስለገቡ፣ እዚያ ቢሆን ኪስህን ገልብጠህ ታሳያለህ። የእሱ ያኔ በርቀት ነበር። ስለዚህ ዱባይ ሄደ። አራት ሰዓት በረራ። ከኤርፖርቱ አልወጣም። ማስቲካ ገዛ። አራት ሰዓት በርሮ ተመለሰ። ሥራ አልነበረውም፣ ዘመድ አልነበረውም፣ ዕቃም አላመጣም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ጉዞ ያደረገ ከመነኮሳት በቀር ማን አለ?

ቤት ሲገባ ሚስቱ "ከዱባይ ምን አመጣህልኝ?" አለችው።

"ወርቅ" አላት።

እጇን ዘረጋች። ካርዱን መዳፏ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልነገረኝም። ለሦስት ቀን ምሳ ከኔ ጋር መብላቱን ብቻ ነው የማውቀው።

እሱ ለማይሉ የሚሟገተውን ያህል እኔ ለአንድም ነገር ተሟግቼ አላውቅም። ከሄድኩ ቆይቻለሁ። ዋጋውም አይቀመስ። ሰማያዊ ካርዴም ከድሮ ፎቶዎች ጋር መሳቢያ ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ኢሜይል መጣ። አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለን ነበር። ስልኬን አየሁና ሳቅኩ። "ምንድነው?" አለች። ለአባቷ የተጻፈ ነው አልኳት። አነበብኩላት፦ "ውድ ሚስተር"፣ ከዚያ የአያቴ ስም፣ ከዚያ "ካየንዎ ቆየን። ናፍቀውናል።"

አክስቴ ስኒውን አስቀመጠች።

"እኛንም" አለች።